ካርዱ ላይ የሚፈርመው ማን ነው?

 

የዛሬው ርዕሳችን እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል፤ ስለ ጎልፍ ነው የምናወራው። አዳማ ላይ ኳስ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሌላ ነው። ጎልፍ ቻናል ስንቀይር አልፈነው የምንሄድ፣ ሰዎች በሰፊ ሣር ላይ ሲንሸራሸሩ የሚታይበት ነገር ነው። ሆኖም ስለ አማና ሳስተምር ከስፖርት ዓለም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አጨዋወቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ተጫዋቹ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ ተራ በተራ 18 ጉድጓዶች ውስጥ ያስገባል። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ሜዳው እጅግ ሰፊ ስለሆነ ኳሱ ዛፍ ሥር፣ ረጅም ሣር ውስጥ፣ አሸዋ ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱን ተጫዋች የሚከተል ዳኛ ደግሞ የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ምቱን ራሱ ይቆጥራል፤ ካጠፋም ራሱ ላይ ቅጣት ይጠራል። አብሮት የሚጫወተው ተፎካካሪው ውጤቱን በካርድ ይጽፍለታል፣ እሱም የተፎካካሪውን ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከሳሹም ምስክሩም ተከሳሹም አንድ ሰው የሆነበት ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ኦፕን ውድድር ላይ ቦቢ ጆንስ የተባለ ታዋቂ ተጫዋች ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ሣር ውስጥ ኳሷ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ዳኞቹ አላዩም። እሱ ግን «ተንቀሳቅሳለች» ብሎ አንድ ምት እንዲቆጠርበት አደረገ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጡ፣ በመለያው ጨዋታም ጆንስ ተሸነፈ። ያቺ አንድ ምት ባትቆጠር ኖሮ ዋንጫው የእሱ ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት ምስጋናው ራሱ ግራ አጋባው፤ ባንክ ስላልዘረፈ ሰው የተመሰገነ ያህል ነበር የቆጠረው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ዛሬ በአሜሪካ በትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ሾትሊንክ የሚባል ሥርዓት አለ። መጀመሪያ በጎ ፈቃደኞች በሌዘር መለኪያ የኳሷን ማረፊያ ይወስዱ ነበር፤ ኋላ ካሜራና ራዳር ተጨመረበት። ኳሷ የት እንዳረፈች፣ ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደራቀች በኢንች ተለክቶ ወዲያው ስክሪን ላይ ይወጣል።

መሣሪያን መጥላት የእኛ ሥራ አይደለም። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውና ሁለተኛው ከተለያዩበት እንኳ ያነሰ ነው። ያንን በትክክል የሚመሰክር መሣሪያ መኖሩ ለባለ ሐቁ ሐቁን መስጠት ነው።

ግን ጥያቄ ይመጣል። ማሽኑ እያንዳንዷን ምት ካየ፣ ሰውየው ለምን ይቆጥራል? ለምንስ ይፈርማል? የጎልፍ ሰዎች መልስ አስገራሚ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ለተመልካች ነው፤ ውጤት የሚሆነው ተጫዋቹና ጸሐፊው ያረጋገጡት ነው። ተጫዋቹ ከመታው ያነሰ ቁጥር ካረጋገጠ በመሠረቱ ከውድድር ይሰረዛል። የበለጠ ካረጋገጠ ደግሞ የበለጠው ይጸናበታል።

ይህ ቀልድ እንዳልሆነ የአርጀንቲናው ሮቤርቶ ዴ ቪቼንሶ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1968 (እ.ኤ.አ.) ኦገስታ ላይ በማስተርስ ውድድር፣ በ45ኛ የልደት ቀኑ፣ 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ምት ጨረሰ። ሕዝብ አየ፣ ቴሌቪዥን አየ። ካርዱን የሚጽፍለት ቶሚ አሮን ግን 4 ብሎ ጻፈ። ዴ ቪቼንሶም ሳያስተውል ፈረመ። ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ወጥቶ በማግስቱ ለመለያ ጨዋታ ይቀርብ የነበረው ሰው በአንድ ምት ተሸነፈ። በጸሐፊው ላይ አላሳበበም፤ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ።

ከባድ ፍርድ ነው። ብዙዎቻችሁ «ሁሉም እያየ እንዴት!» ትላላችሁ። እኔ ግን ውስጡ የማልንቀው ነገር አያለሁ። ሺህ ዓይን ያየልህ ነገር ኃላፊነቱን ከአንተ ላይ አያወርድልህም። ማሽን ኳሷ የት እንደወደቀች ይመሰክራል፤ አማና ግን መሸከም አይችልም። ሸክሙ የሰው ነው።

ከሀገራችን ልጅም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በሴፕቴምበር 2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ሰዓቱ አልተሳሳተም። የጫማው ሶል ግን 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ከውድድሩ በፊት ቅጹ ላይ የሞላው ጫማና የሮጠበት ጫማ የተለያዩ ሆኑ፣ ድሉም ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። በልቡ ስለነበረው ነገር ሑስኑ ዘን ይኑረን፤ የሰው ኒያ የእኛ ፋይል አይደለም። የተጠየቀው ግን በሰጠው ቃል መሠረት ነው።

መሣሪያ ሲበዛ ሌላ ፈተናም አለ፤ ጭካኔ ይመጣል። በ2017 ሌክሲ ቶምፕሰን የተባለች ተጫዋች በአንድ ትልቅ ውድድር መሪ ነበረች። ቅዳሜ ዕለት ኳሷን ካነሳችበት ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ መለሰቻት። አንድ የቴሌቪዥን ተመልካች ይህን አይቶ ኢሜይል ጻፈ። እሑድ ጨዋታው መሐል ላይ «4 ምት ተቀጥተሻል» ተባለች፤ 2 ለኳሷ፣ 2 የተሳሳተ ካርድ በመፈረሟ። በመለያ ተሸነፈች። በዚያው ወር የሕጉ ባለቤቶች አንድ ነገር ወሰኑ። ተጫዋቹ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ተጠንቅቆ ከወሰነና ስህተቱ በባዶ ዓይን የማይታይ ከሆነ፣ ካሜራ አጉልቶ ስላሳየው ብቻ አይቀጣም። ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮም የተመልካች ጥቆማ መቀበል ቀረ። ሰው ከአቅሙ በላይ አይጠየቅም የሚለውን መሠረት እኛ ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ እነሱ በኢሜይል በኩል ደረሱበት።

ታዲያ ሙራቀባ ምንድን ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ኢህሳንን ለጂብሪል ያስረዱበትን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መድገም አያስፈልገኝም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ካሜራ የሚፈራ ሰው ካሜራው የት እንደተተከለ ያጠናል። አላህን የሚፈራ ሰው የሚያጠናው ቦታ የለውም።

ይህን የምናየው ደግሞ እዚሁ መንገዳችን ላይ ነው። የጎልፍ ኳስን ፍጥነት የሚለካው ራዳርና የትራፊክ ፖሊስ የሚይዘው ራዳር አሠራራቸው በመሠረቱ አንድ ነው፤ ማዕበል ይልካል፣ ተመልሶ ሲመጣ የተለወጠውን ያነባል። ከሞጆ ወደ መቂ፣ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ የምትሄዱ ሾፌሮች የምነግራችሁን ታውቁታላችሁ። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል። ትርጉሙ «ትራፊክ አለ፣ ቀስ በል» ነው። ሁሉም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፖሊሱን ካለፉ በኋላ መርገጫው እንደገና ይረገጣል።

አንድ ተማሪዬ ይህን ሳነሳ «ኡስታዝ፣ ወንድምን ከቅጣት ማዳን ምን ነውር አለው?» አለኝ። ጥያቄው ከልቡ ነው፤ እኛ ሀገር መተጋገዝ ትልቅ ነገር ነው። መልሴ ግን ወደ ጎልፍ ካርድ ይመልሰናል። ያ መብራት ያበራው ሾፌር ማለት የተፎካካሪውን ካርድ የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። 6 ምት የመታውን 4 ብሎ ጻፈለት፣ ፈረመለትም። የዳነው የገንዘብ ቅጣት ነው። ሐቁ የማን እንደነበር እንይ፦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ የምታቋርጠው ልጅ፣ አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚሄደው ገበሬ፣ ከኋላ ወንበር የተኛው ተሳፋሪ። ራዳሩ የቆመው ለእነሱ ነበር፤ እነሱ ግን መብራት ሲበራ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም።

ተማሪው ትንሽ አሰበና «ትራፊክ በሌለበት ቦታ ላይ ባበራለትስ?» አለኝ። ቀስ እንዲል ብቻ፣ ማንም ሳይቆም ማለቱ ነው። እስካሁን ከሰማኋቸው መብራት የማብራት ዓይነቶች ይህኛው ደስ ብሎኛል።