ጎደሎ ፊልም፣ ሙሉ ፍርድ

የተከሳሽን ቃል እኩሌታውን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ቢገጥመን ምን እንላለን? «ኧረ በሕግ!» ብለን እንጮኻለን። ታዲያ ስለ ፊልም ስንጽፍ ይህንኑ ለምን እናደርጋለን?

ነገሩን ያነሣሁት ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። የፍሪትዝ ላንግን «ሜትሮፖሊስ» መጀመሪያ ያየሁት ከጓደኛዬ በተዋስኩት የቪዲዮ ካሴት ነበር። ከተማውና ማሽኖቹ አስደነቁኝ፤ ታሪኩ ግን ግራ አጋባኝ። ሮትቫንግ የተባለው ሊቅ ሴት የምትመስል የብረት ፍጡር ይሠራል፤ ምን እንደገፋፋው ግን አይታወቅም። እኔም ብዕሬን አንሥቼ «ይህ ፊልም ዓይን እንጂ ልብ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼም «አበጀህ!» አሉኝ።

እውነቱን የተረዳሁት ኋላ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጥር 1927 በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ርዝመቱ 4,189 ሜትር ነበር። ወዲያው አሜሪካ ውስጥ ሩብ ያህሉ ተቆረጠ፤ በጀርመንም በዚያው ዓመት አሳጠሩት። ከተቆረጠው ውስጥ ሔል የምትባል ሴት ታሪክ ይገኛል። ሮትቫንግ ይወዳት ነበር፤ እሷ ግን የከተማውን ጌታ ፍሬደርሰንን አግብታ በወሊድ ሞተች። ሊቁ የብረቷን ሴት የሠራው የሞተችበትን ለመመለስ ነው። ስሟ በእንግሊዝኛ «ሲኦል» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል ተብሎ በአሜሪካው ቅጂ ታሪኳ ወጣ። እንግዲህ እኔ «ልብ የለውም» ብዬ የፈረድኩበት፣ ልቡን ሌሎች ካወጡለት በኋላ ነው።

ከጠፋው አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2008 በቦነስ አይረስ የፊልም ሙዚየም፣ ክፉኛ በተጫረ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ላይ ተገኘ። በ2010 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 25 ደቂቃ ያህል ታክሎበት ለሕዝብ ታየ፤ በዲስክም ወጣ።

«ታዲያ ሰማንያ ዓመት አፋችንን ዘግተን እንጠብቅ ነበር?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም፣ ጠባቂ አያሻም። ሙሉው ፊልም ቢሆን እንከን አያጣም፤ በ1927 በርሊን ላይ አይተው የነቀፉትም ነበሩ። የሠራተኛና የአሠሪን ጠብ በእጅ መጨባበጥ የሚዘጋው ፍጻሜ ዛሬም አይዋጥልኝም። ላንግ ራሱ በኋለኛው ዘመኑ አልወደደውም። መንቀፍ መብታችን ነው፤ ነገር ግን የቱን እንደምንነቅፍ መናገር ግዴታችን ነው። የትኛውን ቅጂ እንዳየን፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ምን እንደጎደለው በአንድ መስመር መጻፍ ምን ያስቸግራል? «ፊልሙ ደካማ ነው» ማለትና «ያየሁት ቅጂ ደካማ ነው» ማለት ይለያያሉ። ያለዚያ ነገሩ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይሆናል። የሞተ ሠሪ ደግሞ ይግባኝ ማለት አይችልም።

የድሮ ጽሑፌን አልቀደድኩትም። ከግርጌው «ያየሁት ጎደሎውን ነበር» ብዬ ጽፌበት አስቀምጬዋለሁ።