ወጊ በሬና የሳሎኑ ራውተር

አዲስ አበባ፣ ባምቢስ አካባቢ ግቢ ሲጠበቅ ያስታውቃል፤ ግንቡ ላይ ስባሪ ጠርሙስ ወይም እሾሃማ ሽቦ፣ በሩ ላይ ዘበኛ። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ብልጭ ድርግም የሚለው ራውተር ግን ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል አይቀየርለትም። ይህ የባለሙያ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የኅሊና ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ሰው ጀማሪ በሆነበት ነገር ይጠየቃል ወይ የሚለው የቆየ ጥያቄ ነውና።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ለዚህ የሚሆን ፍርድ አለ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ በሬው ወጊ መሆኑ ቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ይጠየቃል። ሕጉ ባለቤቱን ዐዋቂ ሁን አላለውም፤ የሰማኸውን ጠብቅ ነው ያለው። ራውተርም እንደሚዋጋ ከተነገረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከ60 በላይ የሚሆኑ የፋብሪካ መግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ፣ 600,000 ያህል የቤት ካሜራዎችን፣ ራውተሮችንና መሰል ዕቃዎችን በእጁ አስገባ። በዚያው ዓመት የላይቤሪያው የስልክ ኩባንያ ሎንስታር የተመታው በሚራይ በተያዙ ዕቃዎች ነበር። ስለዚህ «ምን አለኝና ይሰርቁኛል?» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ ጠላፊው የፈለገው የእኛን ንብረት ሳይሆን በእኛ ግቢ ቆሞ ሌላውን መምታት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጉርብትና ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት በሚጠራበት አገር ዋይፋይ መቆለፍ ንፉግነት አይሆንም? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ሆኖም እንግዳ ሳሎን ይስተናገዳል እንጂ የጓዳ ቁልፍ አይሰጠውም። ብዙ ራውተሮች ለእንግዳ የሚሆን የተለየ ኔትወርክ መክፈት ስለሚችሉ ቸርነትና ጥበቃ አይጣሉም። ጥፋቱ የአምራቹ ነው የሚሉም አሉ። በከፊል ልክ ናቸው፤ ብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃልን በሕግ ከልክላለች። ነገር ግን ቀድሞ ቤት የገባውን ዕቃ የሚጠብቀው ያው ባለቤቱ ነው።

ሥራውም ከአቅም በላይ አይደለም። ራውተሩን ገልብጠው ሲያዩት በተለጠፈው ወረቀት ላይ የመግቢያ አድራሻው አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ይህን ብሮውዘር ላይ ሲጽፉት የማስተካከያው ገጽ ይከፈታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቀይሮ የጨረሰ ስለሚመስለው ነው፤ የራውተሩ የራሱ መግቢያ ሌላ ስለሆነ እሱም መቀየር አለበት። ከዚያ ምስጠራውን ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 ማድረግ፣ በአዝራር ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን ደብሊው ፒ ኤስንና ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚያስችለውን አማራጭ ማጥፋት፣ ሶፍትዌሩን ማደስ ነው። እርስዎም አሁን ተነግሮዎታልና፣ ዛሬ ማታ ራውተሩን ገልብጠው ያችን ወረቀት ያንብቧት።