ትሕትናና በራስ መታመን

ትሕትና መልካም ነገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ትሕትናና ፍርሀት መልካቸው ስለሚመሳሰል፥ ድፍረትና ትዕቢትም አንድ ልብስ ስለሚለብሱ፥ ለሥራ ሰው የሚሾም ሁሉ እነዚህን ለይቶ ማወቅ ይቸገራል። ይህም ችግር ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው የወንድና የሴት ሥራ በሚመዘንበት ጊዜ ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ተረት ሲነገር ኖሯል። ይህን ቃል በሕፃንነቷ የሰማች ሴት አድጋ ወደ ሥራ በገባች ጊዜ፥ የምታውቀውን ነገር ሌላ ሰው እስኪናገረው ድረስ ዝም ብትል ምን ያስደንቃል? ይሁን እንጂ ተረቱን ታሪክ ሐሰት ያደርገዋል። በ1888 ዓመተ ምሕረት በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር ውሃ እንዲያጣ ምንጩ የተያዘው በእቴጌ ጣይቱ ምክር ነው። እቴጌይቱ ያን ምክር በልባቸው ሰውረው ቢቀመጡ ኖሮ ዕውቀታቸው ለማን ይጠቅም ነበር?

ሙሪየል ኒደርሌና ሊዝ ቬስተርሉንድ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ነገር በቍጥር ገልጸውታል። በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ 40 ወንዶችና 40 ሴቶች፥ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት በአንድ እየሆኑ፥ በ5 ደቂቃ ውስጥ የቻሉትን ያህል ቍጥር ደመሩ። በሥራቸው ወንዶቹና ሴቶቹ እኩል ነበሩ። ከዚህ በኋላ ስለ እያንዳንዱ መልስ ጥቂት ዋጋ ከመቀበልና፥ ተወዳድሮ ለአሸናፊው ብቻ የሚሰጠውን ከፍተኛ ዋጋ ከመሻት እንዲመርጡ ቢጠየቁ፥ ውድድሩን የመረጡት ከወንዶቹ ከመቶ 73፥ ከሴቶቹ ግን ከመቶ 35 ብቻ ሆኑ። «ከአራቱ አንደኛ እኔ ነኝ» ብለው የገመቱትም ከወንዶቹ ከመቶ 75፥ ከሴቶቹ ከመቶ 43 ነበሩ።

ከአራት ሰው አንደኛ የሚሆነው አንድ ነውና፥ ከመቶው ትክክል ሊሆኑ የሚችሉት ከ25 ብዙ አያልፉም። እንግዲህ ሁለቱም ወገን ራሳቸውን ከፍ አድርገዋል፤ ይልቁንም ከእውነት የራቁት ወንዶቹ ናቸው። ነገር ግን ብዙ የቻሉ ሴቶች ሊያገኙት የሚገባቸውን ዋጋ ሳይሹ ቀሩ፤ ያልቻሉ ወንዶችም ገብተው ከሰሩ።

ስለዚህ «ሴቶች ድፍረት ይማሩ» ማለት እኩሌታ ምክር ነው። ሴት ራሷን ባመሰገነች ጊዜ ዐይን አውጣ ትባላለች፤ ወንድ ያንኑ ቢናገር ቈራጥ ይባላል። ሹመት ራሱን ለጠራ ሰው ብቻ የሚሰጥ ከሆነም፥ ስለ ራሱ በልክ የሚናገር ሰው ይቀጣል፤ የሚያጋንነውም ይሸለማል። ጥፋቱ በሚዛኑ እንጂ በተመዛኙ ብቻ አይደለም።

እውነተኛ ትሕትና ስለ ራስ እውነቱን መናገር ነው፤ መጨመርም መቀነስም የለበትም። የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን ቢሰውር ባልንጀራውን ይጐዳል፤ ሹሙም ዝም ያለውን በስሙ ጠርቶ ባይጠይቅ ፍርድ ያጓድላል። በገበያ እህል የሚገዛ ሰው በሻጩ ጩኸት አይገዛም፤ እህሉን በእጁ ዘግኖ ያያል እንጂ። ለእህል የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው ሊነፈገው አይገባም።