ግመሉ ይታሰራል፤ ልጁስ?



ብዙ ሰው ሕፃን ታቅፎ ጋቢና ይቀመጥና «አላህ ይጠብቀዋል» ይላል። እውነት ነው፤ ጠባቂው አላህ ነው። ግን ይህ ተወኩል ነው ወይስ ሰበብን መተው?

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ለቅቆ በአላህ መመካት ይበቃው እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው፣ መጀመሪያ እንዲያስረው ነግረውታል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ልጅ የሚወረወርበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ እንደወደቀ ያህል ነው። የእናት ክንድ ያንን አይችልም። አንድ ቀበቶ ለሁለት መታጠቅም የትልቁን ሰው ክብደት ልጁ ላይ ይጭናል።

ቀበቶ ያላሰረ አዋቂ ስለ ራሱ ነፍስ ይጠየቃል። ሕፃኑ ግን ምርጫ የለውም፤ እኛ ነን በእሱ ነፍስ ላይ የምንደፍረው። አማናን አደጋ ላይ ጥሎ የአማናውን ባለቤት «ጠብቅልኝ» ማለት አደብ አይደለም።

የልጆች የመኪና ወንበር ውድ ነው። የቻለ ስልኩን ከመቀየሩ በፊት ይግዛ። ያልቻለ ልጁን ከኋላ ያስቀምጥ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ። አላህ የሚጠይቀን በአቅማችን ልክ ነው፤ አቅማችንን ደግሞ እሱ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ቀበቶው፣ ከዚያ የጉዞ ዱዓው።

ጁምዓ ሙባረክ!