ሸክምን በልክ ስለ መሸከም



ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው፥ መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ቢያቅተው ግን በሰው ዘንድ መሳለቂያ እንደሚሆን በወንጌል አስተምሯል (ሉቃ. 14)። ይህን ምሳሌ ብዙ ጊዜ የምንተረጉመው ስለ ምናኔና ስለ ክህነት ነው። ዛሬ ግን በአሜሪካ አገር ባሉት አብያተ ክርስቲያናችን ዘወትር በምናየው በአንድ ጉዳይ፥ ይኸውም ነርስ ለመሆን በሚማሩት ልጆቻችን ድካም ላይ ልንናገርበት ወደድን።

ነርስነት ክቡር አገልግሎት መሆኑ አያጠራጥርም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ መስክሮለታል። ታላቁ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ አጠገብ ድውያን የሚታከሙበትን ቤት አሠርቷል። ከአገራችንም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የስደት ዘመን በለንደን ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረዋል፤ የንጉሥ ልጅ መሆናቸው በሽተኛ ከማስታመም አላገዳቸውም።

ወደዚህ አገልግሎት የሚያስገባው በር ግን ጠባብ ነው። ይህም በር አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የሚባለው፥ የሰውን አካል አሠራርና የእያንዳንዱን ክፍል ተግባር የሚያስረዳው ትምህርት ነው። በብዙ ኮሌጆች በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ፥ እያንዳንዱ ክፍል አራት ክሬዲት ሆኖ ከላቦራቶሪ ጋራ ይሰጣል። ተማሪዋ የአዋቂን ሰው 206 አጥንቶችና ከአንጎል የሚወጡትን 12 ጥንድ ነርቮች በየስማቸው ማወቅ ይገባታል። ስም መቁጠርም ብቻውን አይበቃም፤ ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ፥ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የደምን ስኳር እንዴት እንደሚያወርድ ማስተዋል ያስፈልጋታል። ነገ ያንኑ ኢንሱሊን ለበሽተኛ የምትወጋው እርስዋ ናትና፤ መጠኑ ቢያልፍም የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ይህን ትምህርት እንደ ነገሩ ማለፍ ጉዳቱ ለተማሪዋ ብቻ የሚቀር አይደለም።

አሁን አንዲት እኅት በኅሊናችን እናስብ። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለች፤ ለእናትዋም ወደ አገር ቤት ገንዘብ ትልካለች። ዕድሜዬ ሳያልፍ ቶሎ ልጨርስ በማለት አናቶሚን፥ ማይክሮባዮሎጂንና ኬሚስትሪን በአንድ ሴሚስተር ትመዘገባለች። እነዚህ 12 ክሬዲት ናቸው። ከላቦራቶሪው ጋራ 18 ሰዓት ያህል በክፍል ትውላለች። መምህራን ለአንድ ክሬዲት ከክፍል ውጭ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ጥናት ይገባል ይላሉና፥ በዚህ ላይ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይጨመራል። ሥራዋ ሲደመር ድካሟ በሳምንት እስከ 94 ሰዓት ይደርሳል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኛ 49 ሰዓት ይሄዳል። የሚተርፋት 25 ሰዓት፥ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ለመንገዱ፥ ለምግቡ፥ ለልጆቹ፥ ለጸሎቱና ለቅዳሴው ሁሉ የተተወው ይህ ነው። አይበቃም። ስለዚህ ከእንቅልፍዋ ትሰርቃለች፤ ከዚያም ከጸሎትዋ። ፈተናውን በወደቀች ጊዜም ሰዓቱ እንደማይበቃ አስቀድማ ስላላሰላች፥ «እግዚአብሔር ጥሎኛል» ብላ ታለቅሳለች። እኛን የሚያሳዝነን ውድቀቷ ሳይሆን ይህ ቃሏ ነው። ሒሳቡ ያመጣውን ውድቀት የአምላክ ፍርድ አድርጋ ቆጥራዋለችና።

ለዚህ ነገር መልሱ እርስዋ በምትማረው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ምት የሚፈጀው ከሴኮንድ ዐሥር እጅ ስምንቱን ነው። ደም የሚረጩት ታላላቆቹ ክፍሎች ከዚህ ሦስቱን እጅ ያህል ይኮማተራሉ፤ አምስቱን ያህል ግን ይላላሉ፥ ይሞላሉም። ይልቁንም የሚያስደንቀው ለመላው አካል ደም የሚልከው የግራው ልብ ሥጋ ራሱ ደም የሚያገኘው ይበልጡን በሚላላበት ጊዜ መሆኑ ነው። ከልደት እስከ ሞት ሥራውን የማያቋርጠው አካል በየምቱ መካከል ዕረፍት ተሠርቶለታል፤ ምቱ እጅግ በፈጠነ ጊዜም የሚያጥረው ይልቁን ይህ የዕረፍቱ ክፍል ነው። እንግዲህ ፈጣሪ በልብ ውስጥ ያኖረውን ልክ ተማሪዋ ለራስዋ ብትይዘው ስንፍና ነው ሊባል አይገባም። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ እንጀራ ለመብላት ጊዜ ባጡ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል (ማር. 6)።

ይህ ጥበብ ለአብነት ትምህርት ቤታችን እንግዳ አይደለም። የኔታ ንባቡ ያልተስተካከለለትን ልጅ ወደ ዜማ አያሳልፉትም፤ ዜማውን፥ ቅኔውንና ትርጓሜውን በአንድ ክረምት ጨርስ አይሉትም። ተማሪውም የተቀበለውን ቀለም ዕለት ዕለት በቃሉ ይደጋግማል እንጂ ለአንድ ሌሊት አያከማችም። አናቶሚም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉን ዘግቶ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በቃል መመለስ፥ በፈተናው ዋዜማ እስኪነጋ ከማንበብ ይበልጣል። የተጠናውም የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው።

ስለዚህ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፥ የምትችሉ ከሆነ አናቶሚን ከአንድ ቀላል ትምህርት ጋራ ብቻ ያዙ፤ ማይክሮባዮሎጂውን ለሚቀጥለው ሴሚስተር አቆዩ። የመንግሥት የትምህርት ድጎማ የምትቀበሉ ወይም በተማሪ ቪዛ ያላችሁ የክሬዲት ቁጥር መቀነስ መብታችሁን ሊነካ ይችላልና፥ አንዱን ትምህርት ከመተዋችሁ በፊት የኮሌጁን አማካሪ ጠይቁ። 12 ክሬዲት ግዴታ ከሆነባችሁ ሁለት የላቦራቶሪ ትምህርቶችን አታደራርቡ፤ ቢቻል ከሥራው ሰዓት ቀንሱ። ደግሞም ነገሩን ያለ መጠን አታዘግዩ፤ የሳይንስ ትምህርት ውጤት ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ የማይቀበሉ የነርስ ትምህርት ቤቶች ብዙዎች ናቸውና። ልክ ማለት መጣደፍም መዘግየትም አይደለም።

ለአባቶች ካህናትም የምንለው አለን። ተማሪ ልጅ ደክሟት ወደ እናንተ በመጣች ጊዜ «ጸልዪ፥ በርቺ» ብላችሁ ብቻ አታሰናብቷት፤ ስንት ሰዓት እንደምትሠራና ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ጠይቋት። ዮቶር ሙሴን ከጥዋት እስከ ማታ በሕዝብ ፊት ተቀምጦ ባየው ጊዜ ሸክሙን እንዲያካፍል መከረው እንጂ እንዲጨምር አላለውም (ዘጸ. 18)። በመዝሙር ልምምድ ላይ ስለ ቀረች አትውቀሷት፤ ይልቁንም ምእመናን በፈተናዋ ሳምንት ልጆችዋን ይጠብቁላት፥ ወጥም ሠርተው ይላኩላት። በአገር ቤት ያላችሁ ወላጆችም የምትልክላችሁ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ቢያንስ ፍቅሯ የቀነሰ አይምሰላችሁ።

ቅዱስ ዳዊት ስለ ሰውነቱ ድንቅ አፈጣጠር ፈጣሪውን አመስግኗል። ልጆቻችንም ያንኑ ድንቅ ሥራ በመጽሐፍ ሲያነብቡ በፍርሃትና በእንባ ሳይሆን በማስተዋልና በምስጋና ያነብቡት ዘንድ፥ ነገም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ በታመነ እጅ ይቆሙ ዘንድ፥ ሸክምን በልክ የሚሰጥ አምላካችን ይርዳቸው። አሜን።