«ስኳር አለብኝ» ማለት ኢማን አያጎድልም

የሸዕባን ወር በተጋመሰ ቁጥር በየሱቁ በረንዳና በየመስጂዱ ደጃፍ አንድ ዓይነት ወግ መስማት ለምደናል። ስኳር ወይም ግፊት ኖሮባቸው ሐኪም «ዘንድሮ አይጹሙ» ያላቸው አባቶችና እናቶች ሐኪሙን እየወቀሱ ያወጋሉ። «ይህ ትናንት የተወለደ ልጅ ስለ ረመዳን ምን ያውቅና ነው?» ይላሉ። እኛ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸውም «ማሻአላህ፣ የድሮ ሰው ኢማን!» እያልን እናሞግሳቸዋለን። በዚህ ዓምድ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ሙገሳችንን ነው። ሰው እየጎዳ ነውና።

ለመሆኑ ይህ ስኳር፣ ይህ ግፊት ከየት መጣብን? እኔ ሐኪምም ፈቂህም አይደለሁም፤ ሆኖም ባለሙያዎቹ የሚሉት ለማንም የሚገባ ነገር ነው። በጎልማሶች ላይ የሚታየው የስኳር በሽታ በአንድ ቀን አይጀምርም። በሆድ አካባቢ የተከማቸ ስብ ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያደክመዋል፤ ቆሽትም ለማካካስ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይቆይና በመጨረሻ ይዝላል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ ስኳር ያለበት፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት እናት፣ ወገቡ የሰፋና ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው ሁሉ ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከእነዚህ መካከል ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አንችልም። ወገብንና መቀመጥን ግን እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ወደ ስኳር በሽታ እያዘነበሉ የነበሩ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ ያህሉን ቀንሰው በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ ቢደረግ፣ በሽታው የሚይዛቸው ሰዎች ቁጥር በ58 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከተሰጠው መድኃኒት ይልቅ እርምጃው በለጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ኑሮ እንምጣ። ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የመጡት አባቶቻችን ሸክም ተሸክመው፣ በእግራቸው ዳገት ወጥተው ነው ሱቅ የከፈቱት። ልጃቸው ዛሬ ያንኑ ሱቅ ከማለዳ እስከ መግሪብ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሻዩ እዚያው ይመጣለታል። በቀን አምስት ብርጭቆ ጠጥቶ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ቢያስጨምር 15 ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 60 ግራም ስኳር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ለአንድ ጎልማሳ በቀን ወደ 25 ግራም ገደማ ቢወሰን ይበጃል ይላል። ይህ እንግዲህ ምሳው፣ ለስላሳው፣ ቴምሩ ሳይቆጠር ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫቱ አለ። ስለ ጫት ብይን ዑለማዎች ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ግን አራትና አምስት ሰዓት ተቀምጦ፣ ምሬቱን በለስላሳና በስኳር ሻይ እያወራረዱ፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን የሚያፋጥን ቅጠል እየቃሙ፣ ምሳ ተዘልሎ ሌሊት ላይ መብላት፣ ይህ ሁሉ ለግፊትና ለስኳር የተነጠፈ ምንጣፍ መሆኑን ለማወቅ ፈትዋ አያሻም።

ሴቶቻችንስ? የወንዱን ያህል እንኳ ወደ መስጂድ የመራመድ ዕድል የላቸውም። ግቢው ጠባብ ነው፤ ከቤት ወጥታ ለጤናዋ የምትራመድ እናት ሰፈሩ በጥርጣሬ ያያታል። ወፈር ማለት የድሎት ምልክት ተደርጎ ይወደስላታል። ከዚህ የባሰው መደበቁ ነው። ስኳር እንዳለባት ከሁለት ዓመት በፊት ያወቀች አንዲት እናት አውቃለሁ፤ «ሴት ልጆቼን የሚያገባ ይጠፋል» ብላ መድኃኒቷን በዱቄት ዕቃ ውስጥ ትሸሽግ ነበር። በረመዳንም ሰው እንዳይጠረጥራት ጾማ፣ ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ምንም ሳትቀንስ ሱሑር ላይ ትውጥ ነበር። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ላብ በላብ ሆና፣ የምትናገረው ጠፍቷት ወደቀች። ልጆቿ የበሽታዋን ስም ያን ዕለት ሰሙ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ተርፋለች።

ይህ የእሷ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በሚበልጡ ስኳር ያለባቸው ሙስሊሞች ላይ በተካሄደው ጥናት፣ በጎልማሶች የሚታየው ዓይነት ስኳር ካለባቸው መካከል 79 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በእነርሱ ላይ ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መውረድ በወር ከ100 ሰዎች ከ0.4 ወደ 3 ከፍ ብሏል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። በጣም ከፍ የሚል ስኳርም አምስት እጥፍ ያህል ጨምሯል። መጨመሩ የሚገርመው ሰው ካለ ማዕዳችንን ይመልከት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በጥቂት እሸት ቴምር፣ እሱ ከሌለ በደረቅ ቴምር፣ እሱም ከታጣ በውኃ ጉንጭ ነበር የሚያፈጥሩት። እኛ ሳምቡሳውን፣ ሙሸበኩን፣ ጁሱን፣ ከዚያ ሩዙን እንደረድራለን። ከሆድ ሢሶው ለትንፋሽ እንዲተው ያስተማሩንን ሐዲስ በየኹጥባው እንሰማለን፤ ተራዊሕ ላይ ግን መጎንበስ ያቅተናል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አላህ (ሱ.ወ.) ጾምን በደነገገበት በሱረቱል በቀራ፣ እዚያው አጠገቡ የታመመን ሰው አንሥቷል፤ ገርነትን እንጂ ችግርን እንደማይሻብንም ነግሮናል። ሩኽሷውን የሰጠው ጌታ ራሱ ከሆነ፣ ሩኽሷውን የሚያሳፍር ያደረገው ማን ነው? በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ከጃቢር (ረ.ዐ.) የተላለፈ ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ ራሱን ድንጋይ የፈነከተው አንድ ሰው ሌሊት ጀናባ ሆነና ተየሙም ይበቃው እንደሆነ ባልደረቦቹን ጠየቀ። ውኃ እያለ ሩኽሷ የለህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲደርሳቸው የገደሉት እነርሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ሲሉም አጥብቀው ወቀሱ። እነዚያ ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። ለዲን ተቆርቋሪዎች ነበሩ፤ ልክ እንደኛ እንደ ሙገሳ አዥጎድጓጆቹ።

ስኳር ያለበት ሁሉ አይጹም ማለቴ አይደለም። በሽታው በምግብ ወይም በቀላል ኪኒን የተያዘለት ብዙ ሰው፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ካስተካከለለት በደኅና ይጾማል። ኢንሱሊን እየወሰደ ስኳሩ የሚዋዥቅበት፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ በቅርቡ ስኳር ወርዶበት ራሱን የሳተ፣ ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡርም ጉዳያቸው ሌላ ነው። ለመጾም የተፈቀደለትም ቢሆን ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ፣ መግሪብ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ቢቀረውም ጾሙን ይፈታል። «ጣት ወግቼ ብለካ ጾሜ ይበላሻል» የሚለው ስጋትም መልስ አግኝቷል። በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ለምርመራ የሚወሰድ ደምም ሆነ ለምግብነት ያልታሰበ መርፌ ጾምን እንደማያበላሽ ወስኗል።

ኢማሞቻችን በሸዕባን ጁምዓዎች ይህንን ከሚንበር ቢናገሩት፣ ከሐኪም አንደበት ሲወጣ የማይሰማው አባት ከእነርሱ ይሰማዋል። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከጀማዓው መካከል ያሉትን ነርሶችና ሐኪሞች አስተባብረው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግፊትና ስኳር ቢያስለኩ ወጪው ከአንድ ቀን የኢፍጧር ድግስ አይበልጥም።

መጾም ፈጽሞ የማይችለው ደግሞ የሚሠራው ዒባዳ አላጣም። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.)፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገልጋይ የነበሩት፣ አርጅተው ጾም ሲያቅታቸው አንድ ወይም ሁለት ዓመት በየቀኑ አንድ ሚስኪን ዳቦና ሥጋ እያበሉ አፍጥረዋል። ሰኔም ይሁን ጥር፣ ረመዳን በሚገባበት ወቅት ሁሉ በየሰፈራችን ያንን ዳቦ የሚጠብቅ ሰው አለ።