ከዋንዛው ሥር ያለች ነጥብ

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ መሬት የለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከቡናው ግርጌ ጎደሬና ጎመን። መንገደኛው ጫካ ነው ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ጫካ የመሰለው ሁሉ የሰው ጓሮ ነው፤ እያንዳንዱን ዛፍ የተከለው ወይም ሲበቅል አይቶ የተወው ሰው አለ። ዩኔስኮም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ይህን ደርብ በደርብ የሆነ እርሻ ከጥብቅ ደኖቹና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር አንድ አድርጎ ነው።

በዚህ ጓሮ ውስጥ አሁን አንዲት ነጥብ ገብታለች። ስልክ ወይም ታብሌት የያዘ ወጣት ከቡናው መካከል ይቆማል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩን መዝግቦ ወደሚቀጥለው ማሳ ይሄዳል። ባለ ማሳው ቆሞ ያያል። ከመሬቱ ላይ የተነሳ ነገር የለም፤ የተተከለም የለም።

ነጥቧን የፈለገው ሰኔ 2015 ዓ.ም. የጸናው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ማስረጃው የማሳው መገኛ ነው። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይሳላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንዲት ነጥብ ትበቃለች። ጌዴኦ ውስጥ 4 ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ ብርቅ ነው። የደንቡ መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ነጥቧ ግን ከገበያው ደጅ አትርቅም።

እኔን የሚገርመኝ ያ የወጣቱ ጥቂት ጥበቃ ነው። ስልኩ የሚያዳምጣቸው ሳተላይቶች ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ምልክታቸው ያን ሁሉ ርቀት ያለ ችግር መጥቶ መጨረሻው ጥቂት ሜትር ላይ፣ ከዋንዛው ቅርንጫፍና ውሃ ካዘለው የእንሰት ቅጠል ሲደርስ ይደክማል፤ ነጥቧም ሜትሮችን ትስታለች። ደንቡ የሚጠይቀው ከአስርዮሽ ነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ነው። (ስድስተኛው አሃዝ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው፤ የአንድ የቡና እግር ጥላ እንኳ ከዚያ ይሰፋል።) በተራቆተ ኮረብታ ላይ ቢሆን ቁጥሩ ይበልጥ በጠራ ነበር። መሣሪያውን የሚያስቸግረው ሕጉ እንዲጠበቅ የሚሻውን ደን የሚመስለው ጥላ ራሱ ነው።

ሌላም አለ። ነጥብ ቁመት የላትም። የጌዴኦ ገበሬ መሬቱ ሲጠበው ያሰፋው ወደ ላይ ነው፤ ከአንዲቱ መሬት ቆጮውንም፣ ቡናውንም፣ ማገዶውንም፣ የበር ሳንቃውንም ያወጣል። ዋንዛው ሲደርስ ተቆርጦ ቤት ይገባል፤ ከሥሩ የበቀለው ችግኝ ቦታውን ይወርሳል። ደንቡ ራሱ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚለማን እርሻ ከደን አይቆጥረውም። ከሰማይ የተነሳው ፎቶ ግን የሚያየው የዛፎቹን አናት ነው፤ ካርታው ጓሮውን ደን ብሎ ከያዘው፣ የአንድ ሽማግሌ ዛፍ መቆረጥ የደን ምንጠራ ሊመስል ይችላል። ያን ጊዜ ማን ይመሰክራል? ነጥቧ ቦታውን እንጂ ዛፉ ለምን እንደተቆረጠና ምን እንደተተካበት አትናገርም።

ቢሆንም ነጥቧን ልጠላት አልቻልኩም። የይርጋጨፌ ቡና ስሙ ዓለምን ሲዞር የገበሬው ማሳ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያው አልፎ አልታወቀም። እሸቱ ከጎረቤቱ እሸት ጋር ይቀላቀላል፤ ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ደርቆ፣ በደረጃ ተመድቦ ሲሸጥ ከየትኛው ጓሮ እንደተለቀመ የሚያውቅ የለም። 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡናውን የሸጠው በአካባቢና በደረጃ እንጂ በባለ ማሳ አልነበረም። አሁን አንዲት የግማሽ ሄክታር ጓሮ በራሷ ቁጥር ሀምቡርግ ልትደርስ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያሳስበኝ ነጥቧ ማን እጅ እንደምትቀር ነው። ቁጥሩ የላኪው መዝገብ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ገዥ ሲመርጥ መሬቱ እንደ አዲስ ሊለካ ነው። ስለዚህ የምትመዘግቡ ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና ላኪዎች ሆይ፣ ነጥቧን በወረቀት አትማችሁ ለባለ ማሳው ስጡት፤ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ በማሳው ላይ የቆሙትን ዛፎች በስማቸው ጻፉለት።